የአባቴ ሃምሳ ብር

የትውልድ ስፍራዬን ስም የሰማ ሰው ሁሉ ስለ ውሉ ይጠይቀኛል። «የዚያ የአንቀጽ 17 አገር ሰው ነህ?» ይሉኛል። ነኝ እላለሁ። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐይቅን አልፎ ጥቂት ሲጓዝ ውጫሌን ያገኛል፤ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ናት። ሾፌሮች ለምሳ ይቆሙባታል፣ ጫት ይገዙባታል፣ ይሄዱባታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ የተዋዋሉት እዚያው አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ነው። አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ነበሩ። በአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣሊያንኛው ደግሞ ነገሩ ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ይህን የማያውቅ የአገሬ ልጅ የለም። ሌላው ትምህርት ቢጠፋን እንኳ አንቀጽ 17 አትጠፋንም ነበር፤ አስተማሪው «ይቻላቸዋል» ባለ ቁጥር የክፍሉ ልጅ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ግዴታቸው ነው!» ብሎ ይጮኻል።

ስለ ብድሩ ግን የሚያወራ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። ውሉ በተፈረመ በወራት ውስጥ ደጃዝማች መኰንን ኢጣሊያ ሄደው ተጨማሪ ስምምነት ተፈራረሙ፤ በእርሱም ኢጣሊያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ለማበደር ተስማማች፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ሆነ። ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ሲያስታውቁ ብድሩንም መለሱ። ዓድዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ጦርነቱን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ የገንዘቡን መመለስ ግን በመጽሐፍ ያገኘሁት ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ ነው፤ ባገኘሁትም ጊዜ ወዲያው ትዝ ያሉኝ አባቴ ናቸው።

አባቴ ገበሬ ናቸው። ማሽላ፣ ጥቂት ጤፍ፣ ከቤታችን ጓሮ ደግሞ ጥቂት ጫት አላቸው። ማንበብ አይችሉም። ይህን የምጽፈው ላሳንሳቸው ሳይሆን ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው።

1997 ዓ.ም.ን ያየ ሰው ያንን ዘመን መቼም አይረሳውም። ግንቦት 7 ሊመረጥ ሚያዝያን በሙሉ አገሩ ሬድዮ ሥር ተቀምጦ ነበር። ባለሥልጣንና ተቃዋሚ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በቀጥታ ስርጭት ሲከራከሩ ስንሰማ ለመጀመሪያ ጊዜያችን ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ አንዱ «ዝም በሉ፣ መልሱን እንስማ» ይላል፤ ሌላው «መልስ የለውም» ይላል። ሚያዝያ 29 እና 30 በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በተከታታይ የወጣው ሕዝብ ወሬ ውጫሌ ሲደርስ ቁጥሩ በየቡናው ስኒ ይጨምር ነበር። እኔ ደሴ የምማር የሃያ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ለመምረጥ ብዬ መጥቻለሁ። ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው በሚያዝያ ውስጥ ከተፎካካሪዎቹ የአንደኛው ወገን ሰዎች (የትኛው እንደሆኑ አልጽፍም፤ የሚያውቁ ያውቋቸዋል፤ ለማያውቅም አይጠቅመውም) ገበሬውን ለሁለት ቀን ስብሰባ ጠሩት። ምሳ ነበረ። ኮፍያ ነበረ። በሁለተኛው ቀን ማታ ለያንዳንዱ ሰው 50 ብር አበል ተሰጠ። የቀን ሠራተኛ በቀን ከ10 ብር ያነሰ በሚያገኝበት ዘመን 50 ብር ማለት ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር፣ ከዚያም ተራፊ ማለት ነው። ብሩን የወሰደ ሁሉ ወረቀት ላይ ፈረመ። አባቴ አውራ ጣታቸውን ወይን ጠጅ ቀለም ነክረው አተሙ። ከዚያ ለሳምንት ያህል የጥፍራቸው ሥር ወይን ጠጅ እንደሆነ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ ዝርዝሩን የያዘው ሰው ወደ ቤታችን መጣ። የሩቅ ሰው አይደለም፤ ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ ለእርሻ ወራት በሬ የሚያቀናጀን ጎረቤት ነው። ቡና ጠጣ። ሲነሣ «እንግዲህ አያ፣ ስምዎ እኛ ዘንድ ነው፤ ተማምነንብዎታል» አለ።

«ስሜ ምን ላይ ነው?» አሉ አባቴ።

ሰውየው ሣቀ። ወረቀቱን ሲያጥፈው እኔ ራስጌውን አየሁት። የስብሰባ ተካፋዮች አይልም። ደጋፊዎች ይላል።

ሰውየው ሲሄድ አባቴ «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ዝም አሉ። እኔም ትንሽ የተማረ ሰው የሚሰጠውን ምክር ሰጠኋቸው፤ «አባዬ፣ ምን አሳሰበዎት? ድምፅ የሚሰጠው በመጋረጃ ውስጥ ነው። ብሩን ይብሉት፤ ልብዎ የፈቀደውን ይምረጡ። ሁሉም እንደዚያው ነው የሚያደርገው» አልኋቸው። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ሲል እውነቴን ነበር። የዚያ ሰሞን ጥበብ ይኸው ነበር፤ ኮፍያውን ድፋ፣ ምሳውን ብላ፣ ካርዱን ላሻህ ስጥ።

«ሰውየው ሲሰጠኝ ሊገዛኝ እንደሆነ ያውቃል» አሉ አባቴ። «እኔ ስቀበል አላወቅሁም። አሁን አወቅሁ።»

በነጋታው ከ50ው ብር 20ው ጨውና ላምባ ሆኖ ነበርና ከእናቴ የቅቤ ገንዘብ 20 ብር ተበደሩ። እናቴ ሰጠቻቸው፤ ግን እስከ መስቀል ድረስ ይህን ነገር ሳታነሳባቸው የዋለችበት ቀን የለም። ወንዙን ተሻገሩ። እኔም አብሬያቸው ሄድሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሲያዋርዱን ላለማየት መቅረት እፈልግ ነበር፤ እናቴ ናት የላከችኝ።

ሰውየው ብሩን አልቀበልም አለ። ምክንያቱ ደግሞ የሚያስቅ ነበር፤ አበል የሚወጣበት ሰነድ አለው እንጂ አበል የሚገባበት ሰነድ የለውም። «ሒሳቡ ተዘግቷል አያ። ከተቀበልሁ እኔ ልሰርቀው ነው።» አባቴ «ስሜን ሰርዝልኝ» አሉ። ዝርዝሩ ወደ ላይ ሄዷል አለ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ አባቴ አምስቱን አሥር አሥር ብሮች መደቡ ላይ አስቀምጠው፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው የቡና ዘነዘናውን ጭነውባቸው ወጡ። ሰውየው ከኋላችን «አያ! እንዲህ አይደለም!» እያለ ተጣራ። አባቴ ዘወር ብለው «አብሽር፣ አልተጣላንም» አሉት። አልተጣሉምም። በዚያው ክረምት በሬ ተቀናጅተዋል።

በመንገድ ላይ ተናደድሁባቸው። በልቤ ሞኝ አልኋቸው። ስማቸው እንዳለ ዝርዝሩ ላይ ቀረ፤ ብሩ ሄደ፤ ምን ተረፋቸው? ግንቦት 7 እሑድ ነበር፤ ከንጋት ጀምረን ተሰለፍን፤ ማንን እንደመረጡ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። የዚያ ምርጫ ፍጻሜ የታወቀ ነው። ከ547 መቀመጫ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ ተባለ፤ ውጤቱ አጨቃጨቀ፤ በሰኔና በጥቅምት ደም ፈሰሰ፤ በኋላም አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ቆጠረ። በ2002 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም ወሰዱ። በእነዚያ በሁለቱ ምርጫዎች ለአባቴ 50 ብር ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ውጤቱ ከታወቀ ገበሬ ቤት ድረስ ገንዘብ ይዞ ወንዝ የሚሻገር ማን ነው?

ይህን ነገር በደንብ የገባኝ በሰው አገር ነው።

በ2009 ዓ.ም. በዲቪ ወጥቼ ጆርጂያ ገባሁ፤ ክላርክስተን በምትባል፣ ስደተኛው ከነዋሪው በበለጠባት የአትላንታ ጎረቤት ከተማ። አሜሪካኖች ፕሬዚዳንታቸውን የሚመርጡበት መንገድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነው። የእኛን ፕሬዚዳንት ሕዝብ አይመርጠውም፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ነው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለ6 ዓመት የሚሰይመው፤ ለዚያ ቦታ ማንም በውጫሌ ኮፍያ አድሎ አያውቅም። የእነርሱ ግን በ538 የመራጭ ድምፆች ይሰላል፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል፤ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አንድ ድምፅ እንኳ የበለጠ የክፍለ ግዛቱን ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። ስለዚህ ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀው ክፍለ ግዛቶች ማንም አይጎበኛቸውም። ካሊፎርኒያ ያኔ 55 ድምፅ ነበራት፤ እጩዎቹ የሚሄዱባት ገንዘብ ሊለምኑ እንጂ ድምፅ ሊለምኑ አይደለም። ጎረቤታችን አላባማም እንደዚያው የተረሳች ናት። ጆርጂያ 16 ድምፅ አላት፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ለዲሞክራት ፕሬዚዳንታዊ እጩ ድምፅዋን ሰጥታ አታውቅም ነበርና እርስዋም ችላ ከተባሉት አንዷ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ግን አወላወለች ተባለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ያውቀዋል። ቴሌቪዥን ሲከፈት ማስታወቂያ፣ ስልክ ሲከፈት ማስታወቂያ፤ የፖስታ ሳጥኔ በየቀኑ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ይሞላል። ያ ምርጫ፣ የፕሬዚዳንቱና የምክር ቤቶቹ ተደምሮ፣ ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። በታኅሣሥ መጨረሻ በጆርጂያ በድጋሚ ለተካሄደው የሁለት ሴናተሮች ምርጫ ብቻ ከ8 መቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ሕጋቸው ለእጩው በቀጥታ በሚሰጥ መዋጮ ላይ ወሰን ያኖራል፤ በዚያ ዓመት ለአንድ ምርጫ ከአንድ ሰው 2,800 ዶላር ነበር። ነገር ግን በጥር 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ከእጩው ተለይቶ ለሚወጣ ወጪ ወሰን ማድረግ የመናገር ነፃነትን መንካት ነው ብሎ ፈረደ፤ ከዚያ ወዲህ በጓሮ በር ያሻውን ያህል ይገባል። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ያኔ እኔ ዜጋ አልነበርሁም፤ ግሪን ካርድ ብቻ ነበረኝ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥ አይችልም። ገንዘብ መስጠት ግን ይችላል። ይህን ሳነብ ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

መቀበልም ይችላል። ከእጩዎቹ አንዱን የሚደግፍ አንድ ድርጅት አማርኛ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ በሰዓት 17 ዶላር ቀጠረኝ። በኮሮና ምክንያት አፋችንን ሸፍነን፣ ደጅ አንኳኩተን፣ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ሸሽተን የምንቆምበት ጊዜ ነበር። ለብቻው ደግሞ አንድ ወረቀት ብተረጉም 300 ዶላር ይከፈለኛል ተባልሁ። እሺ አልሁ። አገር ቤት ሆኜ ለምርጫ የሚከፈል ገንዘብ ሁሉ ጉቦ ይመስለኝ ነበር፤ እዚያ ግን ቅጽ ሞልቼ፣ ግብር ተቆርጦልኝ፣ በባንክ ነው የሚገባልኝ። ንጹሕ ሥራ ነው ብዬ ተቀመጥሁ።

ወረቀቱ ስድስት ዓረፍተ ነገር ነበር። አምስቱ አላስቸገሩኝም። አራተኛው ግን በእንግሊዝኛው እጩው ቤተሰብን ለማገናኘት የሚጠበቀው ዘመን እንዲያጥር ለሚያደርግ ሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ይናገራል። «እንዲያጥር ይጥራል» ብዬ ተረጎምሁት። ረቂቁን አንድ የማኅበረሰቡ ታላቅ ሰው አዩትና ለአስተባባሪዋ «ይህ ደካማ ነው» አሏት። ወደ እኔም ዞረው በአማርኛ «ልጄ፣ ይጥራል ማለትኮ በእኛ ቋንቋ አያደርግም ማለት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ስንቱን «እንጥራለን» ሰምተን አሳድገናል። አስተባባሪዋ አማርኛ አታውቅም፤ ጠንከር ያለ ቃል ካለ አስገባ አለችኝ። ማተሚያ ቤቱ ማታ ይጠብቃል።

«ያሳጥራል» ብዬ ጻፍሁ።

እጄ ጥቂት ቆሞ እንደነበር አስታውሳለሁ። የውጫሌ ልጅ ነኝ። በሁለት ቋንቋ መካከል አንዲት ግሥ ስትለወጥ ምን እንደሚሆን የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ እንደ ፊደል የቆጠርሁት ነው። ግን ግራዝማች ዮሴፍን ሁሌም የማስባቸው ታሪክ የሚያዋርዳቸው ሰው አድርጌ ነበር፤ ምናልባት ደክሟቸው፣ ማታ ሆኖ፣ ሁለቱም ወገን ቶሎ ይፈረም እያለ ቆሞባቸው እንደሆነ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ አስባለሁ።

ወረቀቱ ታተመ፤ እኔው አደልሁት። በአንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የቦረና ወሎ ተወላጅ የሆኑ እናት በር ከፈቱልኝ። ዜግነት ካገኙ ገና አንድ ዓመታቸው ነው፤ የመጀመሪያ ምርጫቸው ነው። የአገር ልጅ ሆኜ ሲያገኙኝ መከልከሉን ረስተው ጉንጬን ሊስሙኝ ቀረቡ። ልጃቸው ደሴ ነው፤ ማመልከቻውን ካስገቡ ቆይተዋል። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«መቼ?» አሉኝ።

«ከተመረጡ» አልሁ።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. መረጡ። ያች ሌሊት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሁለት ሌሊት ናት። የአሜሪካን ቆጠራ እየተከታተልን ሳለ የሰሜን ዕዝ መጠቃት ተሰማ፤ በአንድ ስልክ ላይ የጆርጂያ ቁጥርና የመቀሌ ወሬ እየተፈራረቁ ነጋ። ጆርጂያ የተወሰነችው በ11,779 ድምፅ ልዩነት ነው፤ ከ5 ሚሊዮን ድምፅ ያህል መካከል። በየአፓርታማው ደረጃ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ሲሰማ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል፤ እኔም ቆርጫለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ሕጉ አልወጣም። እኒያን እናት በየወሩ በኢትዮጵያውያን ሱቅ፣ በርበሬ ስንገዛ እናገኛቸዋለን። በመጀመሪያው ዓመት «እንግዲህ መቼ ነው?» ይሉኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት «ያ ወረቀት አለኝ» አሉኝ። በእርግጥም አስቀምጠውታል፤ ከልጃቸው ማመልከቻ ጋር በአንድ ላስቲክ ውስጥ። ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንደሚያቀርቡት ያህል። እንግሊዝኛውን አላዩትም፤ ቢያዩትም አያነቡትም። «የቤተ መንግሥት ሰው አይደለሁም እማማ» አልኋቸው። «አውቃለሁ ልጄ፤ ግን ያመጣህልኝ አንተ ነህ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው 300 ዶላሩ የከበደኝ። አንድ ቅዳሜ መኪናዬን አስነሥቼ ድርጅቱ ቢሮ ወደነበረበት ሄድሁ። ምን ልል እንደሆነ አላውቅም። ገንዘቡን በቡና ዘነዘና ሥር ላኖር ኖሮ ይሆናል። በቦታው የግብር ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎች ገብተውበታል። ድርጅቱ ምርጫው ባለቀ በሳምንቱ ጠረጴዛውን ጭኖ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሄዷል አለኝ የሕንፃው ዘበኛ። አስተባባሪዋ ስልኳን ለውጣለች።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ውጫሌን አልፎ ደሴ ገባ። ስልክ ተቋረጠ። ወላጆቼ ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ ሳምንታት አለፉ፤ ስለዚያ ጊዜ ሌላ ቀን እጽፍ እንደሆነ እንጂ እዚህ አልችልም። በታኅሣሥ አባቴ ደወሉ። ደህና ናቸው። በሬው የለም፤ ማሽላው ግማሹ የለም፤ እነርሱ አሉ።

በ2017 ዓ.ም. ዜጋ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ በመረጥሁ ሰሞን ግን ሁሉንም ነገር በስልክ ነገርኋቸው፤ ግሡን፣ እናቲቱን፣ 300 ዶላሩን፣ የተዘጋውን ቢሮ። ያኔም ማስታወቂያው እንደገና ቤቱን ሞልቶት ነበር። ረጅም ጊዜ ሰሙኝ። የስልኩ ካርድ ሊያልቅ ነው ብዬ ሠጋሁ።

«ሰውየው ጎረቤትህ አልነበረም?» አሉ።

«አልነበረም አባዬ። የመጣበትን እንኳ አላውቀውም።»

«እዚህማ ከወንዙ ማዶ ነበር» አሉ። ጥቂት ዝም አሉና ደግሞ ሣቁ። ምን አሳቀዎት አልኋቸው።

«ያ ዝርዝር» አሉ። «በጦርነቱ ጊዜ ቢሮው ተሰብሮ ወረቀቱ ሁሉ አስፋልቱ ላይ ተበትኖ አልነበረም? ባለሱቁ ስኳር ጠቀለለበት። እኔም ሄጄ እያነሣሁ ሳይ ዋልሁ።»

«ማንበብ አይችሉ፣ ምን ሊያዩ?»

«አሻራዬን» አሉ። «ወይን ጠጅ የሆነውን ሁሉ አነሣሁ። አንድ ኩንታል ይሞላል። እናትህ አሁንም እሳት ታቀጣጥልበታለች።»